ቀብድ ከመላክዎ በፊት፦ በቴሌግራም የሚሸጠው ሰው ማነው?

በመሐል ሜዳ ገበያ የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይዳስሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። የሚገዛው በሬ ከሆነ ደግሞ ዋስ ያስጠራል። ይህን የሚያደርገው ሻጩን ስለጠላው አይደለም፤ ሻጩ ስለ ከብቱ የሚያውቀውን እርሱ ስለማያውቅ ነው። ይኸው ሰው በዚያው ከተማ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ካለው ግን ወደ ሱቁ ሲመለስ ጠባዩ ይለወጣል። ስልኩን ያወጣና ስሙን በውል ለማያውቀው፣ ፊቱን ላላየው ሰው የመቶ ቻርጀር ቀብድ ይልካል። ማረጋገጫው ጥሩ ፎቶግራፍና ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ብቻ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነገሩን አሳይቷል። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደህናውን ዕቃ የያዘው ሰው ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ መስክ በሠራው ሥራ ነበር። የቻርጀር፣ የፓወር ባንክ፣ የኤርፎንና የሚሞሪ ገበያ ደግሞ ከመኪናውም ይብሳል። መኪና ቢያንስ ተነድቶ ይታያል፤ ቻርጀር ግን ሆዱ ታሽጎ ነው የሚመጣው።

ምልክት ያለው ሁሉ የታመነ ነውን?

በዚህ ረገድ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው የቻይናው አሊባባ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ እየከፈሉ የሚገቡ አቅራቢዎችን “የወርቅ አቅራቢ” የሚል ምልክት ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በሰጠው መግለጫ ግን ይህን ምልክት ከያዙት መካከል በ2009 1,219፣ በ2010 ደግሞ 1,107 የሚሆኑት ገዢዎችን ማጭበርበራቸውን አመነ። ወደ 100 የሚጠጉ የራሱ የሽያጭ ሠራተኞችም ሐሰተኞቹን በማስገባት ተባባሪ ሆነው ተገኝተዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ዌይ በጉዳዩ እጃቸው ባይኖርበትም ኃላፊነቱን ወስደው ከሥራ ለቀቁ።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የአሠራሩ ዝርዝር ነው። ከሐሰተኞቹ ሱቆች አብዛኞቹ ያቀረቡት ተፈላጊ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነበር። ዋጋው እጅግ ማራኪ፣ ዝቅተኛው የግዢ መጠን ትንሽ፣ የክፍያ መንገዱም ገንዘብ ለማስመለስ የማያመች ነበር። የአንዱ ገዢ አቤቱታም በአማካይ ከ1,200 ዶላር በታች ስለሆነ ጠበቃ አቁሞ ባሕር ተሻግሮ ለመክሰስ አያዋጣም። አጭበርባሪው ገንዘቡን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው የሚወስደው ለመካሰስ የማያበቃውን ያህል ብቻ ነው። ለዓለም ከተማ ወይም ለራቤል ባለሱቅ አዲስ አበባ ሄዶ አልጋ ይዞ መመላለስ ከቀብዱ በላይ ያስወጣዋል። ይህን እርሱ ብቻ ሳይሆን ወሳጁም አስቀድሞ አስልቶታል።

ስሙ በሦስት ቦታ አንድ ነውን?

በመሆኑም ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው “ብከስ ማንን እከሳለሁ?” የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት የሻጩን የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቁ። ፎቶው ብቻ አይበቃም፤ ፎቶ ይሠራል። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የንግድ ምዝገባውን በኢንተርኔት ስላደረገው ፈቃዱን በቁጥሩ ማጣራት ይቻላል። ሲያጣሩ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የሥራ ዘርፉ ነው፤ በጅምላ አስመጪ ነኝ የሚለው ሰው ፈቃዱ የምግብ ቤት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለተኛው እድሳት ነው፤ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያልታደሰ ፈቃድ የሚያሳይ ሻጭ ሊያስረዳዎት ይገባል።

ቀጥሎ ገንዘቡ የሚገባበትን ስም ያስተያዩ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲልኩ የተቀባዩ ስም ይመጣል። በፈቃዱ ላይ አንድ ስም፣ በሂሳቡ ላይ “የእህቴ ነው” የተባለ ሌላ ስም፣ በደረሰኙ ላይ ሦስተኛ ስም ከሆነ፣ ወይም ደረሰኝ ጭራሹን ከሌለ፣ የሚከሱት ሰው የለም ማለት ነው። ሦስቱ ስሞች አንድ ከሆኑ ሻጩ ጻድቅ ነው ማለት አይደለም። ቢያጠፋ ግን የት እንደሚገኝ ይታወቃል።

የተከታይ ብዛት በገንዘብ ይገዛል። ቻናሉም ራሱ ከነዕድሜው ተሸጦ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። በታወቀ ሱቅ ስም ላይ አንዲት ፊደል ለውጦ መክፈትም የተለመደ ሆኗል። በዚህ ላይ “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚሉት ነገር አለ። እኔ በበኩሌ ዋጋውን በአደባባይ የማይናገር ሻጭ ገዢውን አይቶ ዋጋ የሚያወጣ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ቻናሎች ደግሞ የደላላ ናቸው፤ ዕቃው በእጃቸው የለም፣ ሲታዘዙ ከመርካቶ አንስተው ትርፍ ጨምረው ይልካሉ። ድለላ ነውር አይደለም፤ ደላላው ደላላ ነኝ ካለና ደረሰኙ የባለዕቃው ከሆነ ሥራው ሕጋዊ ነው።

ዋጋውስ?

ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪ ሁሉ ዶላሩን የሚገዛው በተቀራራቢ ዋጋ ነው፤ ቀረጡም ያው ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ ከመርካቶ የጅምላ ዋጋ በብዙ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ዕቃው ኮፒ ነው፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ኮንትሮባንድ ነው፣ ወይም ዕቃው ፈጽሞ የለም። ኮንትሮባንዱን ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ባለሱቅ በኬላ ሰነድ ሲጠየቅ የሚወረሰው የራሱ ዕቃ መሆኑን አይርሳ።

ኮፒውን በተመለከተ የአሜሪካው የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት ዩ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ2016 400 የአፕል አስመስሎ የተሠሩ ቻርጀሮችን መርምሮ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት መሠረታዊውን ፈተና መውደቃቸውን፣ 12ቱ ደግሞ ሰው በኤሌክትሪክ ሊገድሉ የሚችሉ መሆናቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት አፕል ባቀረበው ክስ “ኦሪጅናል” ተብለው በአማዞን ላይ ሲሸጡ ገዝቶ ከመረመራቸው ቻርጀሮችና ኬብሎች 90 በመቶ ያህሉ ሐሰተኛ ነበሩ ብሏል። አማዞን ላይ እንዲህ ከሆነ ስም በሌለው ቻናል ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ሚዛን ያለው ሰው

ናሙና ሳያዩ በጅምላ አይዘዙ፤ ናሙናው ሲመጣ ደግሞ የሽንኩርት ሚዛን ብዙ ነገር ያጋልጣል። በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ክብ ባትሪ አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ምርጡም ቢሆን የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ “20,000” የተጻፈበት ፓወር ባንክ ቢያንስ ስድስት ባትሪ ይፈልጋል፤ ከነቀፎው ከ300 ግራም በላይ መሆን አለበት። “50,000” ተብሎ እንደ ስልክ የቀለለ ከሆነ ጽሑፉ ውሸት ነው። ሚዛን ቀላሉን ያጋልጣል እንጂ ከባዱን አያጸድቅም፤ ውስጡ አሸዋ ተሞልቶ የተገኘም አለና።

ሻጩን ራሱን በጥያቄ መመዘንም ይቻላል። “ይህ 20,000 የሆነው ባለ 5,000 ስልክ ስንት ጊዜ ይሞላል?” ብለው ይጠይቁት። አራት ጊዜ ካለዎት የሚነግርዎት ከካርቶኑ ላይ አካፍሎ ነው። የባትሪው ኃይል ወደ ስልኩ ሲሻገር ስለሚባክን ትክክለኛው ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ሦስት የሚልዎት ሰው ዕቃውን ያውቀዋል። ለሚሞሪና ለፍላሽ ደግሞ ኮምፒዩተር የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ፤ 128 ብሎ የሚያሳይ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። እስኪሞላ ጭነው መልሰው ይክፈቱት። ዘፈን በማስጫን የሚተዳደር የሞላሌ ባለሱቅ ይህን ካላደረገ ደንበኛው ወር ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣበታል።

መንገድ ተዘጋ

ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ወደ መንዝ፣ ወይም በሙከጡሪ አድርጎ የጀማን በረሃ አቋርጦ ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት መኪና ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሊገባ ሲል በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ለሐቀኛው ነጋዴ ይህ ኪሣራ ነው፤ ለአጭበርባሪው ግን የማያልቅ ሰበብ ሆኖለታል። ዕቃው እውነት ከተጫነ የሰሌዳ ቁጥር፣ የጫነበት ቀንና የተረካቢው ስም አለ። እነዚህን ሳይሰጥ “መንገድ ተዘግቷል” የሚል ሻጭ ዕቃውን አላስጫነም ብሎ መጠርጠር ይገባል። የሚሻለው በከተማው የሚያምኑት ዘመድ ወይም ወኪል ሱቁ ድረስ ሄዶ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ ገንዘቡ ያኔ ቢከፈል ነው። ለወኪሉ የሚከፈለው ጥቂት ብር እንደ መድን ዋስትና ይቆጠር።

ቀብድ መስጠት ግዴታ ከሆነ፣ ቀብድ መሆኑ በጽሑፍ ይግባ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የስልክ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ የ2012ቱ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ግን ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ችግሩ በቴሌግራም አንዱ ወገን የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት መቻሉ ነው። የተስማሙበትን በዚያው ዕለት ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት የሰጠው ነው። ሸማች ማለት ግን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛ ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛው ባለሱቅ በዚህ አይጠቃለልም። እንግዲህ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ የተቃጠለ ቻርጀር በጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥለት ደንበኛ ሕግ ከጎኑ አለ፤ የባለሱቁንም ስም፣ አባቱንም ሳይቀር ያውቃል። ባለሱቁ ግን ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ሲመልስ በእጁ ያለው ሻጩ የሰጠው ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ያም ካለው።