ልብን ስለ መግዛት

ማርሻ ሊነሃን በአሜሪካ አገር ተወለደች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም.፥ በ17 ዓመቷ፥ ጽኑ ጭንቀትና ኀዘን ይዟት ወደ ሆስፒታል ገባች፤ በዚያም ከ2 ዓመት በላይ ተቀመጠች። በመከራዋም ሳለች፥ ከዚህ የወጣች እንደ ሆነ ሌሎችን ለማውጣት እንድትመለስ ተሳለች። ከወጣችም በኋላ ተምራ የሥነ ልቡና ሊቅና በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች። በ1993 ዓ.ም.ም ትምህርቷን በመጽሐፍ አሳትማ ስእለቷን ፈጸመች።

ትምህርቷ ሁለት ነገር በአንድነት ይይዛል። ሰው የልቡን ስሜት አይካድ፤ ነገር ግን ለስሜቱ ባሪያ አይሁን። ቍጣና ኀዘን በሰው ሁሉ ላይ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራውን መምረጥ ግን በመማር ይገኛል።

እንግዲህ ልጅ በባልንጀራው በተቈጣ ጊዜ አስቀድሞ ይቁም፤ እጁንም አፉንም ይሰብስብ። ሁለተኛ፥ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በቀስታ ይተንፍስ፤ ፊቱንም በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ የልቡ ትርታ ይበርዳል። ሦስተኛ፥ ልቡን ይመርምር፤ ቍጣ ቢሆን ቍጣ፥ ኀዘን ቢሆን ኀዘን ብሎ በስሙ ይጥራው። ከዚህ በኋላ ሳይሳደብ የሆነውን፥ የተሰማውንና የሚፈልገውን ይናገር፤ «መጽሐፌን ሳትጠይቀኝ ወሰድህ፤ እኔም አዘንሁ፤ ዳግመኛ አስቀድመህ ጠይቀኝ» ይበል።

ይህ በአንድ ቀን አይለመድም። ፊደልም በአንድ ቀን ተቈጥሮ አያልቅም፤ ነገር ግን ዛሬ ሀ ሁ ያለ ልጅ ውሎ አድሮ ዳዊት ይደግማል።