ይሉኝታ በእንግድነት ቤት

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው



ከቡራዩ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ የሄደ፣ እዚያም በአንድ ቤተሰብ ቤት ተቀምጦ የተማረ ወጣት ለእረፍት መጥቶ አገኘሁት። ስለ ትምህርቱ ብጠይቀው የነገረኝ ስለ መጀመሪያው ምሽት እራቱ ነበር። የቤቱ እመቤት ምግብ ስታቀርብለት እንደ አገሩ ወግ «አይ፣ ይበቃኛል» አለ። በእኛ ቤት ቢሆን «በሞቴ!» ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለመን፣ ጉርሻም ይከተል ነበር። ሴትየዋ ግን «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሣች። ልጁም ሳይበላ አደረ። በማግሥቱ ያው እንዳይደገምበት ፈርቶ የቀረበለትን ሁሉ ተቀበለ። በእንቁላሉ ቂጣ ውስጥ ተከትፎ የገባው ሥጋ የአሳማ መሆኑን ያወቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ለምን አልጠየቅህም?» አልሁት። «አፈርኩ» አለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ ይህች «አፈርኩ» የምትለው ቃል ናት። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች «ፈረንጅ ዲኑን ያስጥልብናል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ልጁን ማን አስገደደው? ሴትየዋ አላስገደደችውም፤ ማንነቱንም አልነገራትም። የጣለው የራሱ ይሉኝታ ነው።

እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት በገዛ አገራችን ተሰጥቶናል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡት ሰሐቦች የነጃሺ እንግዶች ነበሩ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ልከው እንግዶቹ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቀረበ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚያምኑበትን ቢናገር አስተናጋጁን ሊያስቀይም ይችል ነበር፤ ጉዳዩም የእንጀራ ሳይሆን የሕይወት ነበር። ሆኖም አልሸሸገም፤ አልተሳደበምም። ከሱረቱ መርየም አነበበ፤ እምነቱን በግልጽና በአደብ አስረዳ። ነጃሺም እንግዶቹን አሳልፎ አልሰጠም። እንግዲህ እንግድነትና ግልጽነት አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ወደ ፈረንሳዩ ቤት እንመለስ። ወጣቱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ ቀኑን የሚያከብዱት ግን እነርሱ ናቸው።

አንደኛ፣ ማዕዱ። ቁርስ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታና ቡና ነው። ዋናው የቤተሰብ መገናኛ እራት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜ በየተራ ስለሚመጣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። በዚያ አገር «አልፈልግም» ማለት አልፈልግም ማለት ነው፤ ደግሞ መለመን እንደ ማስጨነቅ ይቆጠራል። አሳማ ደግሞ በስሙ ብቻ አይመጣም፤ «ዣምቦን» ተብሎ በዳቦ ውስጥ፣ «ላርዶን» ተብሎ በእንቁላል ቂጣና በሾርባ ውስጥ ይገኛል። ወይን ጠጅም በብርጭቆ ብቻ ሳይሆን በወጡ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር ሳይሆን ግዴታ ነው። የሐላል ሥጋ ቤት በትልልቅ ከተሞች አይጠፋም፤ የፓሪስ ታላቁ መስጊድም ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። በሱሉልታ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን የተቃረቡ ናቸው። በፓሪስ ግን በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ በታኅሣሥ ወር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በክረምታቸው ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በ4 ሰዓት ያህል ውስጥ ይከታተላሉ፤ በበጋቸው እራት ከመግሪብ ይቀድማል። ቂብላም ይለወጣል፤ ከእኛ ወደ ሰሜን የነበረው ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ይህን ለቤተሰቡ ያላስረዳ ተማሪ ከማዕድ መሐል ሲነሣ ባለጌ ይባላል፤ አስቀድሞ ያስረዳ ግን «የጸሎቱ ሰዓት ደርሶ ነው» ይባልለታል።

ሦስተኛ፣ ውሃው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ውዱእ የሚያደርግ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን ወለል አርጥቦ ቢሄድ፣ ቧንቧውንም ከፍቶ ቤተሰቡን ቢቀሰቅስ፣ ቅሬታው የሶላት ጥላቻ አይደለም። ወለሉን ማድረቅ፣ ድምፅ መቀነስ ይገባል። ውሃና ማሞቂያው በቆጣሪ ስለሚከፈልበትም ገላ መታጠብን ማስረዘም አይወደድም።

አራተኛ፣ ሰላምታው። ወንድና ሴት ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም በዚያ አገር የተለመደ ሰላምታ ነው። እጅን ደረት ላይ አድርጎ በፈገግታ ዝቅ ማለትና ምክንያቱን አንድ ጊዜ መናገር ግን ማንንም አያዋርድም። በአጠራርም በኩል እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው እነርሱም «ቱ» እና «ቩ» ይላሉ፤ እስኪፈቀድለት ድረስ በ«ቩ» መጀመር ከአደባችንም ጋር ይስማማል።

አምስተኛ፣ ሕጉ። ፈረንሳይ በ1905 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሃይማኖትንና መንግሥትን ለይታለች። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ በመንግሥት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ሒጃብ እንዳይለብሱ ይከለክላል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ዐባያም ተጨምሮበታል። ክልከላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አይመለከትም። እህቶቻችን የት እንደሚማሩ ከመወሰናቸው በፊት ይህን ልዩነት ሊያውቁት ይገባል።

ውድ አንባብያን! ግልጽነት ግን መብትን ብቻ መጠየቅ አይደለም። እንግድነት በእስልምናም ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምጽዋት ነው። በሰበታ ቤቱ እናቱና እህቶቹ ሳህን የሚያነሡለት ልጅ በዚያ ቤት ሳህኑን ራሱ ያነሣል፣ ያጥባል፣ አልጋውን ያነጥፋል። የራሱን ምግብ አብስሎ አንድ ቀን ቤተሰቡን ቢጋብዝ ደግሞ «ይህን አልበላም» ያለው ልጅ «ይህን ደግሞ አብረን እንብላ» አለ ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን የጎረቤት ሐቅ በሃይማኖት የሚለየንንም ይጨምራል።

ስለዚህ ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ በርበሬና በሶ ብቻ አይቋጥሩለት። ከመሄዱ በፊት ለሚቀበሉት ቤተሰብ አጭር ደብዳቤ ያስጽፉት፦ «ሙስሊም ነኝ፤ የአሳማ ሥጋና አልኮል ያለበት ነገር አልበላም፤ በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ፤ በረመዳን እጾማለሁ፤ በቤት ሥራ ልረዳችሁ ዝግጁ ነኝ» የሚል። አምስት መስመር ነው። ቤተሰቡ ካልተስማማው ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል፤ ከተስማማው ደግሞ ልጁ የመጀመሪያውን ምሽት በሐፍረት አይጀምርም።

የቡራዩ ልጅ በመጨረሻ ለሴትየዋ ነገራት። ምን እንዳለችው ብጠይቀው ሣቅ ብሎ «ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ብላ ተቆጣችኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእርሱ የሚሆነውን ለብቻ ትሠራለት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈራው ይህን ነበር።

አላህ ልጆቻችንን በሄዱበት ሁሉ በዲናቸው ያጽናቸው፤ አንደበታቸውንም ለእውነት ይፍታው። አሚን።