ጋራ የከለለውን ድምፅ እንዴት እናሻግር?

አማተር ሬዲዮኞች በእጅ የሚይዟት ሬዲዮ ኃይሏ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ገደማ ነው። ሸለቆ ውስጥ ሆነን ብንጣራባት ጋራው ድምፃችንን ያስቀረዋል። ታዲያ ምን ይሻላል? መኪና ጉብታ ላይ አቁመን የመኪናዋን ባለ ሁለት ባንድ ሬዲዮ አቀባባይ እናደርጋታለን። በ70 ሳንቲ ሜትር ባንድ የሰማችውን ወዲያው በ2 ሜትር ባንድ፣ በበለጠ ኃይል ታስተላልፋለች።

ሁለት ባንድ ለምን አስፈለገ? በአንድ ባንድ ከሆነ የራሷ ጩኸት ጆሮዋን ይደፍነዋል። ግን እዚህም ወጥመድ አለ፤ እኛም በመጀመሪያው ንድፋችን ስተነው ነበር። በ145.3 ሜጋኸርዝ ስናስተላልፍ ሦስት እጁ፣ ማለት 435.9፣ በጥቂቱ አብሮ ይወጣል። መቀበያውን 435.9 ላይ ካደረግነው፣ እግሩ ተሰብሮ ሸለቆ የቀረ ጓደኛችን ቢጣራ ላይሰማ ነው! 433.4 ብናደርገው ግን ከወጥመዱ እንርቃለን።

ሬዲዮዋ ብዙ ስታስተላልፍ ትግላለች፤ ስለዚህ ኃይሏን ከ50 ወደ 20 ዋት ዝቅ እናድርግ። የመኪናውን ባትሪም አንርሳ። ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ማስተላለፍ የለበትም።

መልመጃ፦ በ144.8 ብናስተላልፍ ለመቀበያ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንሽሽ? ሽቦ ከመበየዳችን በፊት በእርሳስ እንሥራው።