ስለ ኤሌክትሪክ ዜና ስንጽፍ፦ ሜጋዋቱ ሌላ፣ መብራቱ ሌላ

የኃይል ስብጥር ማለት አንድ አገር ኤሌክትሪኳን ከምን ከምን እንደምታገኝ የሚያሳይ ድርሻ ነው፤ ከውሃ ስንት፣ ከንፋስ ስንት፣ ከእንፋሎት ስንት፣ ከነዳጅ ስንት። የእኛ አገር ስብጥር ለመያዝ አያስቸግርም፤ ከመቶው ከ90 በላዩ ውሃ ነው። ይሄ ጥሩ ጎን አለው፣ ነዳጅ በዶላር አንገዛበትም። ጣጣው ዝናብ ሲያጥር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሆነውም እሱ ነው። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ስለቀነሰ አገሩ ሁሉ ፈረቃ ገባ። ተርባይኖቹ ግን አልተበላሹም። ጊቤ 3 “1870 ሜጋዋት” ሲባል ተርባይኖቹ በሙሉ ጉልበት ሲዞሩ የሚሰጡት ትልቁ መጠን ነው እንጂ ቀን ከሌት የሚገኝ ኃይል አይደለም። በዓመት የተገኘው የሚለካው በጊጋዋት ሰዓት ነው። ዜናዎች ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ በብዛት እናያለን።

ታላቁን የሕዳሴ ግድብ እንውሰድ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5150 ሜጋዋት ተባለ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ይህ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 45 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል (በ8760 ሰዓት ማባዛት ነው፣ ሞባይል ላይ ይሠራል)። በዓመት የሚጠበቀው ግን ከ15 ሺህ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ማለትም ሲሶው ገደማ ነው። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም። የወንዙ ውሃ የሚበቃው ለዚያ ያህል ነው፤ ተርባይን የበዛው ፈላጊ በሚበዛበት ሰዓት ብዙ ለመስጠት ነው። ከሜጋዋቱ ተነስቶ “ይህን ያህል ቤት ያበራል” ብሎ የሚጽፍ ሪፖርተር ግን ነገሩን ሦስት እጥፍ አጋነነው ማለት ነው።

ታዲያ ውሃው ሲያንስ ማን ይተካ? ንፋስ አንዱ ነው። በአገራችን ንፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ወቅት ስለሆነ ከግድብ ጋር ይደጋገፋል። ሆኖም አዳማ 1 51፣ አዳማ 2 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት ናቸው፤ ከግድቦቹ አጠገብ ሲቀመጡ ያንሳሉ። የከርሰ ምድር እንፋሎት ደግሞ ክረምት በጋ አይልም። አሉቶ ላንጋኖ በ1990ዎቹ ቢጀመርም ከ10 ሜጋዋት በታች የተተከለበት ነው። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ላይ ያለችው ኬንያ ግን ትልቁን ድርሻ የምታገኘው ከእንፋሎት ነው። አንድ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ይበላል፣ እንፋሎት ካልወጣ ብሩ ቀለጠ። ኬንያ ይህን የቁፋሮ ኪሳራ መንግሥት እንዲሸከም አደረገች፤ በእኔ አስተያየት ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት እሱ ነው።

ኃይሉ ቢመነጭም ገና አልጨረስንም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ የለውም። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ድረስ የተዘረጋው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው፤ ከሥሩ የሚኖር ገበሬ ከዚያ ላይ አምፖል ሊያበራ አይችልም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልገዋል። ይህ ሥራ ሪባን ስለማይቆረጥበት መሰለኝ ዜና ሲሆን ብዙም አይታይም።

ሁላችንም “መብራት ኃይል” እንላለን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ነው። የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ስለዚህ መብራት ሄደ ተብሎ ለዘገባ የሚወጣ ተማሪ መጀመሪያ ያጣራ፦ ችግሩ ማመንጫው ላይ ነው፣ መስመሩ ላይ ነው ወይስ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ? የሚያንኳኳው በር በዚያ ይለያያል።