ልጅ ይዘው ስታዲየም ለሚገቡ፣ ከልጅ አጠገብ ለሚቀመጡም

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድና በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ ብዙ ቤተሰብ ኳስን ከሳሎኑ ሆኖ ማየት ለመደ። ከስታዲየም ቀድሞ የቀረው ደግሞ እናትና ልጅ ነው። ለምን እንደቀሩ ቢጠየቁ ስለ ኳሱ ደረጃ አያወሩም፤ የሚያነሱት የበሩን ግፊያ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታና ከጀርባ የሚወርደውን ስድብ ነው። ከሦስቱ አንዱም የውጭ አሰልጣኝ መቅጠር አይጠይቅም።

ከቤት ሳይወጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደርቢ አይምረጡ። ጊዮርጊስና ቡና የሚገናኙበት ቀን ለአዋቂም ይከብዳል። ተመልካቹ ሳሳ በሚልበት ጨዋታ ይጀምሩ፤ ልጁ ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ፣ ከበሮውን ለምዶ ይመለስ።

አባት የጊዮርጊስ፣ እናት የቡና የሆኑበት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ልጁ የማንን ማሊያ ይልበስ የሚለውን ክርክር እዚያው ቤት ይጨርሱ። የአንዱን ማሊያ አልብሰው ከሌላው ደጋፊ መሐል ግን አያስቀምጡት። ምንም ላይደርስበት ይችላል፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተሳቆ መቀመጡ ግን አይቀርም።

ስልክ ቁጥርዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ኪሱ ውስጥ ይክተቱለት። ስሙን ከውጭ በሚታይ ቦታ አይጻፉ፤ ያነበበ ሁሉ በስሙ ሊጠራው ይችላል። ኮፍያ፣ ውሃና የዝናብ ልብስ አይርሱ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ይዘው ከሆነ ከከበሮና ከጥሩንባ ይራቁ፤ የሕፃን ጆሮ ያንን ድምፅ አይችልም።

በር ላይ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣልና ረዘም ይላል።

ሰልፍ ሲጠብ አዋቂ ከፊቱ የሚያየው የሰው ጭንቅላት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የሚያየው ቀበቶና ቦርሳ ነው፤ አየር የሚያገኘውም ከዚያው ከፍታ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ገፋ እናድርግ» የሚል ቀልድ ከኋላ ሲጀመር ፊት ያለው ልጅ ላይ ምን እንደሚደርስ ገፊው አያየውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ያውንዴ በሚገኘው የኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ሊገቡ የመጡ ተመልካቾች ነበሩ።

ቀድመው ይድረሱ። ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ልጅ ይዞ በር ላይ መገኘት ማለት፣ የቸኮለው ሁሉ መሐል መግባት ማለት ነው። ከዘገዩም አይጣደፉ፤ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይለፍ። ጎል ቢገባ ማታ በቴሌቪዥን ያዩታል።

ግፊያ ውስጥ ከገቡ ልጁን እጁን ይዘው አይጎትቱ፤ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይያዙት። ከግፊቱ ጋር ትግል አይግጠሙ። ረገብ ባለ ቁጥር በአግድም ወደ ዳር ይውጡ። የወደቀ ጫማ ወይም ስልክ ለማንሳት አያጎንብሱ።

ትኬት ሳይኖርዎ «ልጅ ይዣለሁ» ብለው በር ጠባቂውን አይለምኑ። ዛሬ ለእርስዎ ቢያዝን ነገ ሃምሳ ሰው ልጅ ተውሶ ይመጣል።

ከተቀመጡ በኋላ

ድሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ እየተባለ ቦታው ሁሉ የየራሱ ጠባይ ነበረው፤ ልጅ ያለው ሰው የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ዛሬ ወደማያውቁት ከተማ ስታዲየም ሲሄዱ ከበሮው የት እንደሆነ አይተው ይቀመጡ። መተላለፊያ አጠገብ ያለ ቦታ ጥሩ ነው። ከአጥሩ ጋር የተጣበቀው የፊት መደዳ ግን ለልጅ አይሆንም፤ ጎል ሲገባ ከላይ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ልጅን ትከሻ ላይ ተሸክሞ ደረጃ ላይ መቆምም አደጋ ነው፤ ከኋላ ላለውም ሰው ግድግዳ ነው።

መጸዳጃ ቤት በ40ኛው ደቂቃ ይውሰዱት። በእረፍት ሰዓት ያለው ሰልፍ ለልጅ ፊኛ አይታዘዝም።

እረፍቱን ደግሞ ለወሬ ይጠቀሙበት። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ፣ ፍጻሜው ላይ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸንፋ ሄደች። ካገቡት መሐል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ይገኙበታል፤ የመጨረሻዋ የመንግሥቱ ወርቁ ናት። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ፍጻሜ ጎል አገቡ ሲባል ታናሽ ወንድም ያለው ልጅ ጆሮውን ያቆማል።

ልጅ ይዘው ላልመጡ

ዳኛ ይነቀፋል፣ አሰልጣኝ ይተቻል፣ ያለዚያ ስታዲየም አይባልም። የዳኛውን እናት መስደብ ግን ሌላ ነገር ነው። ብሔርንና ክልልን የሚነካ ዜማ ደግሞ ከስድብም የከፋ ነው፤ ክለቦቻችንን በገለልተኛ ሜዳ ያስጫወተ፣ የእንግዳ ደጋፊ ያሳገደ ነገር እንደሆነ ኳሳችንን የተከታተለ ሁሉ ያስታውሳል። ዜማ የሚያወጣው መሪ ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ ቢያስብ መደዳው ሁሉ ይከተለዋል። ዜማ አውጪዎቻችን ጥበብ የላቸውም የሚል ሰው በበኩሌ አላጋጠመኝም፤ ያለ ስድብም ተጋጣሚን ማሳቅና ማናደድ ይችሉበታል።

ልጅ አጠገብዎ ከተቀመጠ ሲጋራ አያጭሱ። ጠርሙስ አይወርውሩ፤ ባዶ የውሃ ላስቲክም ቢሆን። «ልጅ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው እናትን አይጠይቁ። ትኬት ቆርጣ ነው የገባችው።

ሲያልቅ

ሁለት ምርጫ አለ፤ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መውጣት፣ ወይም ሕዝቡ ወጥቶ እስኪያልቅ መቀመጥ። ፊሽካው ሲነፋ ከሁሉም ጋር መነሣት ለልጅ አይሆንም። እኔ መቀመጡን እመርጣለሁ፤ የተረፈውን ቆሎ ለመጨረስም ጊዜ ይሰጣል። ከጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ስትገቡ ለልጁ በጣት አሳዩት። «በሩ ጋ» አትበሉት፤ በሩ ብዙ ነው።

ለክለቦችና ለአዘጋጆች

«የቤተሰብ መቀመጫ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍና ለልጆች ትኬት በግማሽ ዋጋ መሸጥ ደግ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ይከፈት፣ ውሃ ይኑረው፣ ቁልፉ ከማን ጋር እንዳለ በር ላይ የቆመ ሁሉ ይወቅ። ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት በየበሩ ትመደብ።

የመውጫ በሮች ጨዋታው እስኪያልቅ ሰው ሊመደብባቸው እንጂ ሊቆለፉ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ ውስጥ በካንጁሩሃን ስታዲየም ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ ሕዝቡ ወደ መውጫዎቹ ሲሮጥ 135 ሰዎች ሞቱ፤ ከ30 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 አክራ ላይም እንዲሁ ጭስና የተዘጋ በር ተገናኝተው 126 ሰዎች አልቀዋል። የፊፋ የስታዲየም ደኅንነት ደንብ አስለቃሽ ጭስ ሜዳ ውስጥ ይዞ መግባትን ይከለክላል። ከጨዋታ በፊት በሚደረገው የጸጥታ ስብሰባ ላይ ይህ ይነሣ፤ ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል የት እንደሆነም ለፖሊስ አዛዡ በካርታ ይታይ።

የጠፋ ልጅ የሚቆይበት አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበርና አንድ ኃላፊ ይኑር። ልጅ ሲገኝ በድምፅ ማጉያ ስሙንና የለበሰውን አትዘርዝሩ። የሚጠራው የወላጁ ስም ይሁን፤ ወላጅ ነኝ ያለው መጥቶ ልጁ ምን እንደለበሰ ራሱ ይንገራችሁ።