ጥሬው ይላክ ወይስ የተቆላው?

ጥያቄ፦ አጋሮ አካባቢ ቡና እናለማለን። የቡናችንን ፕሮቲን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ለማስመርመር ጥሬው ይሻላል ወይስ የተቆላው?

መልስ፦ ጥሬውን ይላኩ። ከጥሬ ቡና ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማው ፕሮቲን ነው፤ ከዚህም ግማሽ የሚጠጋው 11ኤስ ግሎቡሊን የተባለው ፍሬው ለመብቀያ የሚያከማቸው ስንቅ ነው። ምጣድ ላይ ሲወጣ ፕሮቲኑ ከስኳር ጋር ተዋህዶ መልኩን ይለውጣል። መዓዛው ለእኛ ደስታ፣ ለመርማሪው ግን መከራ ነው።

ላቦራቶሪው ፕሮቲኑን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም፣ ላይሲንና አርጂኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ካሉበት ቦታ እየቆረጠ ፔፕታይድ ወደሚባሉ አጫጭር ሰንሰለቶች ይለውጠዋል። መሣሪያው የሚለካው ግን የኤሌክትሪክ ሙል ያለውንና ወደ ጋዝነት የተለወጠውን ሞለኪውል ብቻ ነው። ትልልቅ ሞለኪውሎችን ሳይሰባብሩ ለዚህ ያበቁት ጆን ፌንና ኮይቺ ታናካ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ፔፕታይዱ ይመዘናል፣ ተሰብሮም ስብርባሪው ይመዘናል፤ ውጤቱ ከቡና የዘረመል መረጃ ጋር ይመሳከራል። ሉሲንና አይሶሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ግን ክብደታቸው እኩል ስለሆነ በተለመደው ዘዴ አይለዩም።

የታጠበውንና በጀንፈሉ የደረቀውን ለየብቻ ያሽጉ። በዝግጅቱ ወቅት ፍሬው ውስጥ የመብቀል ሂደት ይጀምራል፤ አካሄዱም በሁለቱ አንድ አይደለም። የሚፈልጉት የካፌይን መጠን ብቻ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ወጪ አይዳረጉ፤ ቀለል ያለ ምርመራ ይበቃዎታል።