በር ላይ የሚፈረም ውል

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። አንድ ሻጭ በራችን ላይ መጥቶ «የማንቂያ ደወል ያስገጠማችሁበት ድርጅት ተዘግቷል፤ ዛሬ ከፈረማችሁ አዲሱ መሣሪያ በነፃ ነው» አለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አትፈርሙ። መዘጋቱን በወርሃዊ ሂሳባችሁ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አጣሩ፤ ሻጩ በሚሰጣችሁ ቁጥር ግን አይሁን። «ነፃ» የተባለው መሣሪያ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ከሚከፈል የክትትል ውል ይመለሳል፤ ስለዚህ ጥድፊያው የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ቅናሹ ቢያመልጠንስ ትሉ ይሆናል፤ ውሉ እስኪነበብ የማይጠብቅ ቅናሽ ቢቀር ይሻላል። ፈርማችሁ ከሆነም፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ቤታችሁ መጥተው የሸጡላችሁን 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ግዢ እስከ 3ኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ቅዳሜም ይቆጠራል። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅጹን ፈርማችሁ በአደራ ፖስታ ላኩ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።